አንድ አምባ፣ ብዙ ብዕር

የሬዲዮ ጽሑፍ ሳርም ደጋግሜ የምሰርዘው «ከላይ እንደተጠቀሰው» የሚለውን ነው። የመጽሔት አንባቢ ዓይኑን መልሶ የላይኛውን መስመር ያያል፤ ለአድማጭ ግን ያለፈው አለፈ። ስሙንና ቦታውን ደግሞ መጥራት ይሻላል።

ለጀማሪ ጸሐፊዎች ይህን ሳስረዳ ምሳሌዬ የአምባሰሉ ግሸን ነው። መጽሐፈ ጤፉት ግማደ መስቀሉ ወደ አምባው እንዴት እንደመጣ ይተርካል፤ የተጻፈው ለምእመን ነውና በረከቱ ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1520ዎቹ አገራችንን ያየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በበኩሉ የነገሥታት ልጆች ስለሚጠበቁበት ተራራ በመንገደኛ ዓይን ጻፈ፤ እርሱና ጓዶቹ ወደዚያ ሲጠጉ በድንጋይ መባረራቸውን ሳይቀር መዘገበ። ወሬው ከአፍ አፍ፣ ከመጽሐፍ መጽሐፍ ተቀባብሎ እንግሊዝ ሲደርስ ጆን ሚልተን በ1667 ስለ ገነት በጻፈው ረጅም ግጥም «የአማራ ተራራ» ብሎ አስገባው። ሳሙኤል ጆንሰን ደግሞ ኢትዮጵያን ሳይረግጥ በ1759 «ራስላስ»ን ሲደርስ መሳፍንቱን ከተራራ አውርዶ ሸለቆ ውስጥ አኖራቸው። ልቦለድ ነውና ይፈቀድለታል፤ የእርሱ ጥያቄ ሰው ደስታን የት ያገኛል የሚል ነበር። ከአራቱ ቅኝቶቻችን አንዱ የሆነው አምባሰልም አለ፤ ዓመተ ምሕረት ሳይጠቅስ አገሩን ያስናፍቃል።

እያንዳንዱ የሚችለውን ተሸክሞ የቀረውን ለሌላው ተወ። የእኛም ሥራ ይኸው ነው። መስከረም 21 ቀን የሚከበረውን የግሸን ማርያም በዓል ለቴሌቪዥን ስናዘጋጅ፣ ድሮን ያነሳው ምስል እየታየ «አምባው የመስቀል ቅርጽ አለው» ማለት ትርፍ ነው፤ ተመልካቹ አይቶታል። እዚያ ላይ የሚነገረው ምስሉ የማያሳየው ነው፦ መሳፍንቱ ዙፋን እንዳይሻሙ እዚያው ይጋዙ እንደነበር። በሬዲዮ ግን ቅርጹን መናገር ግድ ነው፤ ዝማሬውንና ዳገት የወጣውን ምእመን ትንፋሽ ማይክሮፎኑ ያሰማል። ለስልክ በሚሠራ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ደግሞ ከእነዚህ አንዱን መርጦ ሌላውን መተው ነው።

ቅርጹ የቱንም ያህል ቢለዋወጥ ነገሩ የማን ቃል እንደሆነ መናገር አይቀርም። ትውፊቱ ትውፊት፣ የጉዞ ማስታወሻው የተጓዡ ምስክርነት፣ ልቦለዱም ልቦለድ ተብሎ ይቅረብ። ሦስቱ ተደባልቀው በአንድ ተራኪ ድምፅ ሲነበቡ አድማጩ እምነትን ከታሪክ፣ ታሪክን ከፈጠራ የሚለይበት መንገድ ያጣል። ስለዚህ ጽሑፋችሁን ከወረቀት ወደ ማይክሮፎን ወይም ወደ ካሜራ ስታሻግሩ ዓረፍተ ነገሩን እንደልባችሁ ቀይሩ፤ ምንጩን ግን አትጣሉ።