ፕሮጀክትን በጋራ የሥራ ሰሌዳ መምራት፦ ለጌዴኦ ዞን የኅብረት ሥራ ማኅበራትና ኢንተርፕራይዞች

በጌዴኦ ዞን የቡና ለቀማ ሲቃረብ የእሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች ዝግጅታቸውን አጠናቀው መጠበቅ ይኖርባቸዋል። የተለቀመ እሸት ቡና በዚያው ዕለት ካልተፈለፈለ በጆንያ ውስጥ እንዳለ መሞቅና መብላላት ይጀምራል። ጥራቱ ሲጓደል ደረጃው ይወርዳል፤ አርሶ አደሩ የሚያገኘው ዋጋም አብሮ ይቀንሳል። ስለሆነም የጣቢያ ዝግጅት የማብቂያ ቀኑን ኮሚቴ ሳይሆን ቡናው ራሱ የሚወስነው ፕሮጀክት ነው። በተለያየ ቦታ የሚገኙ በርካታ ሰዎች እንዲህ ያለውን ሥራ በጋራ ሲያከናውኑ፣ የጋራ ሥራ ሶፍትዌር ማን ምን እንደሚሠራና ሥራው የት እንደደረሰ ለሁሉም በግልጽ እንዲታይ ያደርጋል።

የጋራ ሥራ ሶፍትዌር ምንድን ነው?

የጋራ ሥራ ሶፍትዌር አንድ ፕሮጀክት ወደ ትናንሽ ሥራዎች ተከፋፍሎ የሚመዘገብበትና አባላት በስልክ ወይም በኮምፒዩተር የሚከታተሉት መተግበሪያ ነው። ትሬሎ፣ አሳና፣ ማይክሮሶፍት ፕላነር እና ኦፕን ፕሮጀክት ከሚታወቁት መካከል ናቸው። አብዛኞቹ የሚሠሩት በሰሌዳና በካርድ ነው። እያንዳንዱ ሥራ አንድ ካርድ ይኖረዋል፤ ካርዱም «ያልተጀመረ»፣ «በሂደት ላይ ያለ» እና «የተጠናቀቀ» በሚሉ አምዶች ከአንዱ ወደ ሌላው ይሸጋገራል።

ይህ አሠራር ከእነዚህ መተግበሪያዎች በፊት የነበረ ነው። በጃፓን የቶዮታ ፋብሪካ ሠራተኞች ቀጥሎ የሚፈለገውን ዕቃ እርስ በርስ የሚያሳውቁት «ካንባን» በሚባል የወረቀት ካርድ ነበር። ሶፍትዌሩ ያንኑ ካርድ በአንድ ክፍል ውስጥ ለማይገናኙ ሰዎች በአንድ ጊዜ እንዲታይ አድርጎታል።

ከቴሌግራም ቡድን በምን ይለያል?

በርካታ ማኅበራትና ኢንተርፕራይዞች ሥራቸውን የሚነጋገሩት በቴሌግራም ቡድን ነው። ቡድኑ ለፈጣን መልእክት ይጠቅማል። ሆኖም ጠዋት የተሰጠ ኃላፊነት እስከ ማታ በሌሎች መልእክቶች ይሸፈናል። «አንድ ሰው ቢከታተለው» የሚል መልእክት ሁሉም ያነበዋል፤ የሚከታተለው ግን ላይኖር ይችላል።

በደቦ ሥራ እንዲህ ያለ ችግር እምብዛም አያጋጥምም፤ ሁሉም በአንድ ማሳ ላይ ስለሚገኝ የሚሠራውም የቀረውም በዓይን ይታያል። አባላት በተለያየ ከተማ ሲሆኑ የሚጎድለው ይኸው እይታ ነው። የሥራ ሰሌዳው ጥቅምም የጠፋውን እይታ መመለሱ ነው።

ምሳሌ፦ የማጠቢያ ጣቢያ ዝግጅት

ጣቢያው በይርጋጨፌ ወረዳ የሚገኝ፣ ጽሕፈት ቤቱ ዲላ የሆነ አንድ ማኅበር እንዳለ ይታሰብ። መለዋወጫ የሚገዛው አባል አዲስ አበባ፣ መካኒኩ ዲላ፣ የጣቢያው ኃላፊ ደግሞ ይርጋጨፌ ነው። ሦስቱም በአንድ የአዲስ አበባ–ሞያሌ መንገድ ላይ ቢሆኑም በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚገናኙት አልፎ አልፎ ነው።

በሰሌዳው ላይ የሚሰፍሩት ዋና ዋና ሥራዎች የመፈልፈያ ማሽን ጥገና፣ የውሃ መስመር ፍተሻ፣ የማብላያ ገንዳ እድሳት፣ የማድረቂያ አልጋ ጥገና፣ የሚዛን ፍተሻ፣ የፍሳሽ ማጠራቀሚያ ጉድጓድ ዝግጅትና የሠራተኛ ቅጥር ናቸው።

ከእነዚህ መካከል አንዳንዶቹ ሌላውን ይጠብቃሉ። መለዋወጫው ሳይገዛ ማሽኑ አይጠገንም፤ የውሃ መስመሩ ሳይስተካከል ማሽኑ አይሞከርም። ስለዚህ ዕቅዱ ከመጨረሻው ወደ ኋላ ይሠራል። ጣቢያው በጥቅምት መጀመሪያ እሸት ቡና የሚረከብ ከሆነ ሙከራው በመስከረም ማጠናቀቅ አለበት፤ ለዚህም መለዋወጫው በነሐሴ መገዛት ይኖርበታል። የአንዱ ካርድ መዘግየት የትኞቹን ሌሎች ሥራዎች እንደሚያስቆም ቀድሞ ሲታወቅ፣ ለመፍትሔ የሚሆን ጊዜ ይገኛል።

«ተጠናቅቋል» የሚለው ቃል ለሁሉም አንድ ትርጉም ሊኖረው ይገባል። ለመካኒኩ «ተጠግኗል» ማለት መለዋወጫው ተገጥሟል ማለት ሊሆን ይችላል። ለጣቢያው ኃላፊ ግን ማሽኑ ፍሬውን ሳይቆርጥ ሲፈለፍል መታየት አለበት። በካርዱ ላይ «በውሃ ተሞክሮ የተፈለፈለው ቡና ጉዳት እንደሌለበት ሲረጋገጥ» ተብሎ አስቀድሞ ከተጻፈ በለቀማው ቀን ክርክር አይነሳም።

ለመጀመር የሚያስፈልጉ እርምጃዎች

1. አንድ ፕሮጀክት ብቻ መምረጥ። የማኅበሩን ሥራ በሙሉ በአንድ ጊዜ ወደ ሶፍትዌር ማስገባት አባላትን ያሰለቻል።
2. ለእያንዳንዱ ካርድ አራት ነገሮችን መሙላት፦ ሥራው ምን እንደሆነ፣ አንድ ተጠያቂ ሰው፣ የማብቂያ ቀን እና የመጠናቀቁ ማረጋገጫ። ረዳቶች ብዙ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ተጠያቂው ግን አንድ ይሁን።
3. በሳምንት አንድ ቋሚ ቀን ሰሌዳውን በጋራ ማየት። በዚህ ጊዜ የሚነሱት ጥያቄዎች ሁለት ናቸው፦ የዘገየው የትኛው ነው? ያዘገየውስ ምንድን ነው?
4. ሰሌዳውን በማኅበሩ የኢሜይል አድራሻ መክፈትና ቢያንስ ሁለት አስተዳዳሪዎችን መመደብ። በአንድ ሠራተኛ የግል አድራሻ የተከፈተ ሰሌዳ ሠራተኛው ሥራ ሲለቅ ከነመረጃው ሊታጣ ይችላል።

ወጪ፣ ኔትወርክና ቋንቋ

በርካታ መተግበሪያዎች ነጻ አገልግሎት አላቸው፤ ይሁንና በተጠቃሚዎች ብዛት ወይም በአገልግሎት ዓይነት ገደብ ሊኖረው ስለሚችል ከመጀመር በፊት ማረጋገጥ ይገባል። ኦፕን ፕሮጀክት በራስ ሰርቨር ላይ ሊጫን የሚችል ነጻ እትም አለው፤ ነገር ግን የሚያስተዳድረው ባለሙያ ይፈልጋል።

ኔትወርክ በሚቆራረጥበት አካባቢ፣ ያለ ኢንተርኔት የተጻፈውን ይዞ ቆይቶ ግንኙነት ሲመለስ የሚልክ መተግበሪያ ይመረጣል። ስማርት ስልክ የሌላቸው አባላት ከሥራው መገለል የለባቸውም፤ አንድ አባል በስልክ ጥሪ የነገሩትን በሰሌዳው ላይ ይመዘግብላቸዋል፤ ሰሌዳውም በየሳምንቱ በወረቀት ታትሞ በጣቢያው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ካርዶቹን አባላት በሚረዱት ቋንቋ፣ በአማርኛም ሆነ በጌዴኦ ቋንቋ፣ መጻፍ ይቻላል።

የሕግ ጉዳዮች

የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክቶች፣ የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 ደግሞ ለኤሌክትሮኒክ ፊርማ ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥተዋል። ይህ ማለት ግን በሰሌዳ ላይ አንድን ካርድ ወደ «የተጠናቀቀ» ማዛወር ፊርማን ይተካል ማለት አይደለም። የማኅበሩ ቃለ ጉባኤ፣ ደረሰኝና የሂሳብ መዝገብ እንደ ወትሮው ተሟልተው መያዝ አለባቸው።

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰዎች የግል መረጃ እንዴት እንደሚያዝ ይደነግጋል። በመሆኑም የአባላትን የባንክ ሂሳብ ቁጥር፣ የፋይዳ ቁጥርና የመታወቂያ ፎቶ በጋራ ሰሌዳ ላይ ማስቀመጥ አይገባም። ለሥራው የሚያስፈልገው የተጠያቂው ስም ብቻ ነው። ሰሌዳው ለተጋበዙ አባላት ብቻ የሚታይ መሆኑንም በቅንብሩ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

የለቀማው ወቅት ካበቃ በኋላ

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው፣ የተከፋፈለ ሥራ ይቀላል። ሎሚው የማን እንደሆነ ካልታወቀ ግን መንገድ ላይ ይቀራል። ሶፍትዌሩ ማሽን አይጠግንም፣ መለዋወጫም አይገዛም፤ የሚያሳየው ያልተሠራውንና የሚጠበቅበትን ሰው ነው።

የለቀማው ወቅት ሲያበቃ ሰሌዳውን መሰረዝ አይገባም። የትኛው ሥራ ስንት ቀን እንደዘገየና ምክንያቱ ምን እንደነበር በላዩ ተመዝግቦ ይገኛል። በቀጣዩ ዓመት ዝግጅቱ መቼ መጀመር እንዳለበት ለመወሰን የማኅበሩ አመራር የሚነሳው ከዚሁ መዝገብ ይሆናል።