ሕፃናትን እስከ መጨረሻው ስለ ማስከተብ

የቤት ንጽሕና ብዙ በሽታ ይከለክላል። እጁን በሳሙና የሚታጠብ፥ የሚጠጣውን ውሃ የሚከድን፥ ሽንት ቤት ቆፍሮ የሚጠቀም ቤተሰብ ከተቅማጥና ከሆድ ትል ብዙውን ጊዜ ይድናል። ነገር ግን ቤቱ የቱንም ያህል ቢጠረግ የማይቀሩ በሽታዎች አሉ። ከእነዚህም አንዱ ኩፍኝ ነው። ኩፍኝ የሚተላለፈው በትንፋሽና በሳል ስለሆነ፥ የታመመው ልጅ ከቤት ከወጣ በኋላ እንኳ ጀርሙ እስከ 2 ሰዓት ድረስ በቤቱ አየር ውስጥ ሊቆይ ይችላል። ያልተከተቡና ኩፍኝ ወጥቶባቸው የማያውቁ 10 ልጆች ከታመመው ጋር አብረው ቢውሉ 9ኙን ያህል ይይዛቸዋል። እንዲህ ያለውን በሽታ በመጥረጊያና በሳሙና ማስቆም አይቻልም፤ የሚያስቆመው ክትባት ነው።

መጀመሩንማ ብዙ እናቶች ይጀምራሉ። ልጁ እንደ ተወለደ ወይም በአንድ ወር ተኩሉ ያመጡታል፤ ከዚያ በኋላ አንዷ ልጁ አተኮሰው ብላ፥ አንዷ ሥራ በዝቶባት፥ አንዷም «አንዴ ተወግቷል፥ ይበቃዋል» ተብላ ትቀራለች። ይህ ጽሑፍ በተለይ ለእነዚህ እናቶች የተጻፈ ነው።

«ልጄ ደኅና ነው፤ ለምን ይወጋል?» የሚለውን ጥያቄ ሁልጊዜ እንሰማዋለን። ጥያቄው ተገቢ ነው። ክትባት እንደ ሌላው መድኃኒት የታመመውን ለማዳን የሚሰጥ አይደለም፤ ጤነኛው እንዳይታመም የሚሰጥ ነው እንጂ። በክትባቱ ውስጥ ያለው የሞተ ወይም ጉልበቱ የደከመ ጀርም፥ አለዚያም የጀርሙ ክፋይ ነው። በሽታውን አያመጣም፤ ነገር ግን የልጁ ደም መልኩን ያይበታል። ሌባውን ቀድሞ የሚያውቅ ዘበኛ በሌሊት ሲመጣ እንደማይታለል ሁሉ፥ የተከተበ ልጅ ደምም እውነተኛው ጀርም ሲመጣ ወዲያው ያውቀዋል፤ ሳይበረታም ያሸንፈዋል።

ነገሩ ለአገራችንም እንግዳ አይደለም። በፈንጣጣ ዘመን አባቶቻችን ከታመመው ሰው ቁስል ጥቂት ወስደው የጤነኛውን ሰው ክንድ ጫር ያደርጉና ያስገቡበት ነበር። ሐሳቡ ትክክል ነበር። ነገር ግን ያስገቡት የነበረው ያልደከመውን፥ እውነተኛውን የፈንጣጣ ጀርም ስለነበረ አንዳንዱ በዚያው ታሞ ይሞት፥ ለጎረቤቱም ያስተላልፍ ነበር። የአሁኑ ክትባት ከዚያ የሚለየው በዚህ ነው። በ1963 ዓ.ም. ፈንጣጣን የማጥፋት ሥራ በኢትዮጵያ ተጀምሮ ከታቢዎች በየተራራውና በየበረሃው እየዞሩ ከሠሩ በኋላ፥ በአገራችን የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመምተኛ የታየው በነሐሴ 1968 ዓ.ም. ነው። በመንደራችሁ ፊታቸው የፈንጣጣ ጠባሳ ያለበት ሽማግሌ ቢኖሩ ጠይቋቸው። ከልጆቻችሁ አንዱም ያን ጠባሳ የለበትም።

አሁን ወደ ቀጠሮው እንምጣ። ሕፃኑ እንደ ተወለደ የሳንባ ነቀርሳ መከላከያ በክንዱ ይወጋል፤ የልጅነት ልምሻ መከላከያ ጠብታም በአፉ ይሰጠዋል። ከዚያ በ6 ሳምንት፥ በ10 ሳምንትና በ14 ሳምንት ተመልሶ ይመጣል። በእነዚህ 3 ቀጠሮዎች ከትክትክ፥ ከመንጋጋ ቆልፍ፥ ከዘጊ አናዳ፥ ከጉበት በሽታ፥ ከሳንባ ምችና ከብርቱ ተቅማጥ የሚከላከሉትን ይወስዳል። የኩፍኝ መርፌ የሚሰጠው በ9 ወርና በ15 ወር ነው። በመንግሥት ጤና ኬላና ጤና ጣቢያ ለዚህ ሁሉ ገንዘብ አይከፈልም።

አንዱ ክትባት ለምን 3 ጊዜ ይደጋገማል? የጤፍ ማሳ አንድ ጊዜ ታርሶ እንደማይዘራበት አባወራዎቹ ያውቁታል። የልጁም ደም በመጀመሪያው መርፌ ጥቂት ይማራል፥ በሁለተኛው ይበረታል፥ በሦስተኛው ይጸናል። በመጀመሪያው የቀረ ልጅ፥ እናቱ ተከትቧል ብላ ብታምንም ትክትኩ ሲመጣ ላይመልሰው ይችላል።

ከሁሉም የሚረሳው የኩፍኙ ነው፤ ቀኑ ስለሚርቅ። እናቲቱ በ14ኛው ሳምንት «ጨረስኩ» ብላ ትሄዳለች፤ ከዚያ ወዲህ ግማሽ ዓመት ያህል የሚጠራት ቀጠሮ የለም። ቀድሞ ለምን አይሰጥም ብትሉ፥ ሕፃኑ ሲወለድ ከእናቱ ደም የወረሰው የኩፍኝ መከላከያ አለው። ይህ ውርስ ለጥቂት ወራት እየጠበቀው ይቆያል፤ ነገር ግን በዚያው ጊዜ መርፌው ቢሰጠው ያንኑ መርፌ ያደክምበታል። ወደ 9 ወር ሲጠጋ ውርሱ ያልቃል፤ ልጁም ባዶውን ይቀራል። መምጣት ያለባችሁ ያን ጊዜ ነው። በ9 ወር ከተከተቡት 100 ሕፃናት 85 ያህሉ ከኩፍኝ ይጠበቃሉ። የቀሩት 15 እነማን እንደሆኑ በዓይን አይለይም፤ ስለዚህ በ15 ወር ሁሉም ይደገምላቸዋል። ወሩን ለመያዝ እንዲህ ቁጠሩ፦ በጥር የተወለደ ልጅ የመጀመሪያው የኩፍኝ መርፌ በጥቅምት፥ ሁለተኛው በሚያዝያ ይሆናል። ጥቅምት የሰብል ጊዜ መቃረቢያ ስለሆነ ከወዲሁ ለአባትየው ንገሩት። ኩፍኝ ሽፍታ ብቻ አይምሰላችሁ። የሳንባ ምች ያስከትላል፥ በተቅማጥ ያደርቃል፥ ዓይን ያጠፋል፤ በምግብ እጥረት የደከመውን ልጅ ይገድላል።

ስለ ትኩሳቱም እንነጋገር። በ6፥ በ10 ወይም በ14 ሳምንቱ ከተወጋ በኋላ ልጁ ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ቢያተኩሰው፥ ቢነጫነጭ፥ የተወጋበትም ቦታ ቢያብጥ፥ ደሙ ትምህርቱን እየተቀበለ ነው ማለት ነው። ጡት አዘውትራችሁ አጥቡት፤ ጋቢ አትደራርቡበት፤ ለብ ባለ ውሃ ሰውነቱን አብሱለት። የትኩሳት መድኃኒት ባለሙያው በነገራችሁ መጠን ብቻ ይሰጠዋል። የኩፍኙ መርፌ ትኩሳት ግን ዘግይቶ፥ ከሳምንት በኋላ ሊመጣ ይችላል፤ ጥቂት ሽፍታም ይኖረው ይሆናል። ትኩሳቱ ከሁለት ቀን ቢያልፍ፥ ሰውነቱ ቢንዘፈዘፍ፥ ጡት እንቢ ቢል ወይም ፊቱ አብጦ ትንፋሽ ቢያጥረው ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

በክንዱ የተወጋው የሳንባ ነቀርሳ መከላከያ ደግሞ ከጥቂት ሳምንት በኋላ እብጠት ያወጣል፥ ይቆስላል፥ ቆይቶም ጠባሳ ትቶ ይድናል። እንዲህ መሆኑ የተለመደ ነው። ቅቤ፥ ቅጠል፥ አመድ አታድርጉበት፤ አትጭመቁት፤ ገላውን ስታጥቡት በንጹሕ ውሃ ማለቅለቅ ይበቃዋል። (አማቶችም ይህን ብታነቡልን ወይም ቢነበብላችሁ ደስ ይለናል፤ ቅቤው ብዙ ጊዜ ከእናንተ ነውና።)

«በሌላ ቀን ኑ ስንባል ለምንድን ነው?» ብለው የሚቆጡ እናቶች አሉ። በእግር ረጅም መንገድ መጥቶ መመለስ ያስቆጣል፥ እውነት ነው። ምክንያቱ ግን ይህ ነው። የኩፍኝ ክትባት በብልቃጥ ውስጥ እንደ ዱቄት ሆኖ ይመጣል፤ በውሃው ከተበጠበጠ ከ6 ሰዓት በላይ አይቆይም፥ የተረፈው ይደፋል። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ልጆች ስለሚበቃ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሕፃናቱን በአንድ ቀን ትቀጥራለች። ከጎረቤቶቻችሁ ጋር ተጠራርታችሁ በቀጠሮው ቀን ብትመጡ ለሁላችሁም ይቀላል።

ልጁ ጉንፋን ቢይዘው ወይም ቀላል ተቅማጥ ቢኖረው በዚያ ምክንያት አትቅሩ፤ አምጡት፥ መከተብ የሚገባው መሆኑን ባለሙያው አይቶ ይነግራችኋል። ቀጠሮው አልፎባችሁ ከሆነም አትፈሩ፤ የሚቆጣችሁ ሰው ቢኖር እንኳ ልጁን ከማስከተብ አይብስም። ካቆመበት ይቀጥላል እንጂ ከመጀመሪያው አይጀምርም። የክትባት ካርዱን ከግብር ደረሰኙ ጋር በላስቲክ ጠቅልላችሁ ጢስና ፍሳሽ በማይደርስበት ቦታ አስቀምጡት። ቢጠፋባችሁም ልጁን ይዛችሁ ኑ፤ በጤና ኬላው መዝገብ ላይ ስሙ ይፈለጋል፥ አዲስ ካርድም ይጻፍለታል።