የሬኔሳንስ ጥበብና ትምህርት ከኢጣልያ ውጭ እንዴት ተስፋፋ?

ሬኔሳንስ የፈረንሳይኛ ቃል ሲኾን ትርጓሜው ዳግም ልደት ማለት ነው። በ14ኛውና በ15ኛው መቶ ዓመት የጥንት ግሪኮችና ሮማውያን ጥበብ በኢጣልያ ከተሞች እንደገና መጠናት በጀመረ ጊዜ የታየው የአእምሮ መነቃቃት በዚህ ስም ይጠራል። ፍሎሬንስ የዚህ ጥበብ ዋና መፍለቂያ እንደ ነበረች የታወቀ ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው ግን ምንጩን ሳይኾን ዕውቀቱ የተጓዘበትን መንገድ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመዠመሪያ ዕውቀቱ የተጓዘው ከመምህራን ጋራ ነበር። በ1397 ማኑኤል ክሪሶሎራስ ከቍስጥንጥንያ መጥቶ በፍሎሬንስ የግሪክን ቋንቋ አስተማረ። ቍስጥንጥንያ በ1453 በቱርኮች እጅ ከወደቀች በኋላም ሌሎች የግሪክ ሊቃውንት ወደ ኢጣልያ ተሰደዱ። ይኹን እንጂ መጽሐፍ በእጅ ይገለበጥ ነበር፤ የቁም ጸሐፊን ድካም የሚያውቅ ሰው አንድን ትልቅ መጽሐፍ ለመጨረስ ስንት ወራት እንደሚፈጅ አይጠፋውም። ስለዚህ ትምህርቱ ከመምህሩና ከጥቂት ባለጸጎች ቤት ብዙ አይርቅም ነበር።

ይህን የለወጠው የማተሚያ መኪና ነው። ጉተንበርግ በጀርመን አገር በማይንስ ከተማ መጽሐፍ ቅዱስን በ1455 ገደማ አተመ። በ1465 ሁለት ጀርመናውያን አታሚዎች በሮም አቅራቢያ ባለው በሱቢያኮ ገዳም ሥራ ዠመሩ። በቬኒስ አልዱስ ማኑቲዩስ የአሪስጣጣሊስን መጻሕፍት በግሪክኛ ከ1495 እስከ 1498 አሳተመ፤ ከ1501 ዠምሮም በእጅ ተይዘው የሚዞሩ ትንንሽ መጻሕፍትን አወጣ። የሆላንዱ ሊቅ ኤራስመስ በ1508 በቬኒስ ከአልዱስ ጋራ ሠራ፤ በ1516 ደግሞ በባዝል ሐዲስ ኪዳንን በግሪክኛ አሳተመ።

የሥዕል ጕዞ ግን ይህን ያህል ቀላል አልነበረም። ቀለም በማተሚያ ስለማይባዛ ሠዓሊው ራሱ መጓዝ ነበረበት። የኑርንበርጉ ዱረር ከ1505 እስከ 1507 በቬኒስ ተቀመጠ፤ ሌዎናርዶ ዳ ቪንቺም በፈረንሳይ ንጉሥ በፍራንሷ 1ኛ ተጋብዞ ሄዶ በ1519 እዚያው ዐረፈ። ኾኖም ማርካንቶኒዮ ራይሞንዲ የራፋኤልን ንድፎች በመዳብ ሰሌዳ ላይ እየቀረጸ በወረቀት ስላተማቸው፣ ሮምን ያላየ ሠዓሊ የራፋኤልን አሣሣል፣ ቀለሙ ቢቀርበትም፣ ሊማር ቻለ።

መንገዱ ደግሞ ባንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያስኬድ አልነበረም። ዮሐንስ ፖትከን የተባለ የኮሎኝ ካህን በሮም የኢትዮጵያ መነኮሳት ሲጸልዩ ሰምቶ ቋንቋቸውን ከለዳዊ መሰለው። ከቶማስ ወልደ ሳሙኤል ግዕዝን ተምሮ በ1513 መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝ ፊደል አሳተመ፤ በፊደላችን የታተመ የመዠመሪያው መጽሐፍ ይኸው ነው። በኋላም አባ ተስፋ ጽዮን ከ1548 እስከ 1549 ሐዲስ ኪዳንን በዚያው በሮም በግዕዝ አሳተሙ። በዚህ ሥራ መምህራኑ የኛ መነኮሳት፣ ተማሪዎቹ የኤውሮፓ ሊቃውንት ነበሩ።

ነገር ግን ፊደላችን ወደ ማተሚያው ሄደ እንጂ ማተሚያው ወደ አገራችን አልመጣም፤ እስኪመጣም ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ዐለፈ። ከዚህ የምንረዳው ዕውቀት የሚስፋፋው ሊቃውንት ስላሉ ብቻ እንዳልኾነ ነው። መምህር፣ ማተሚያና አንባቢ ባንድ አገር ሲገናኙ ትምህርቱ ሥር ይሰዳል፤ ከሦስቱ አንዱ የጐደለ እንደ ኾነ ግን የሊቃውንቱ ድካም በጥቂቶች እጅ ተወስኖ ይቀራል።