የእሳተ ገሞራ ጭጋግ በሌዘር ብርሃን ሲለካ፣ ለክረምቱ ዝናብ ያለው ትርጉም

1. መግቢያ
ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በአፋር የሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ በፈነዳ ጊዜ አመዱ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ላይ ወጥቶ፣ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ እስከ ሕንድ ደርሷል። እንዲህ ያለ ወሬ ሲሰማ የደጀን ገበሬ «ይህ ጢስ ክረምታችንን ያስቀርብን ይሆን?» ብሎ ቢጠይቅ ተገቢ ነው። መልሱ የሚገኘው ከሚታየው አመድ ሳይሆን ከዓይን ከራቀው ጭጋግ ነው።

2. አመድና ጭጋግ
አመድ ከባድ ስለሆነ አብዛኛው በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ወደ ምድር ይወርዳል። አብሮት የሚወጣው የድኝ ጋዝ ግን በአገራችን ሰማይ ከ16 ኪሎ ሜትር ገደማ በላይ ወዳለው የአየር ክፍል፣ ማለትም ወደ ስትራቶስፌር ከደረሰ፣ ደቃቅ የአሲድ ጠብታ ይሆናል። በዚያ ከፍታ የሚያጥበው ዝናብ ስለሌለ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይቆያል። የፀሐይን ብርሃን ስለሚመልስም ምድርን ያቀዘቅዛል። በሰኔ 1983 ዓ.ም. በፊሊፒንስ የፈነዳው ፒናቱቦ በተከታዩ ዓመት የዓለምን አማካይ ሙቀት በግማሽ ዲግሪ ሴልሲየስ ያህል ቀንሷል።

3. የመሣሪያው አሠራር
መሣሪያው ሊዳር ይባላል። መብረቅ ታይቶ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ባለው ጊዜ ርቀቱን እንደምንገምት ሁሉ፣ ሊዳርም የሌዘር ብልጭታ ወደ ሰማይ ልኮ የሚመለሰውን ብርሃን በቴሌስኮፕ ይቀበላል። ብርሃኑ በሴኮንድ 120 ሚሊዮንኛ ክፍል ከተመለሰ ጭጋጉ 18 ኪሎ ሜትር ላይ ነው። ክብ ጠብታና ሸካራ አመድ ብርሃንን የሚመልሱት በተለያየ መንገድ ስለሆነ አንዱን ከሌላው መለየት ይቻላል።

ሰኔ 5 ቀን 2003 ዓ.ም. ሌሊት በኤርትራ፣ በድንበራችን አጠገብ፣ ናብሮ ሲፈነዳ ጭጋጉን በጀርመን፣ በእስራኤልና በሃዋይ ያሉ ሊዳሮች፣ እንዲሁም ካሊፕሶ የተባለው ሳተላይት ለወራት ተከታትለውታል። የድኙ መጠን ግን ከፒናቱቦ አንድ አሥረኛ ገደማ ነበር።

4. ለክረምቱ ያለው ትርጉም
ይበልጥ የሚያሰጋው በሰሜን ርቆ የሚደርስ ታላቅ ፍንዳታ ነው። የሰሜኑ የምድር ክፍል ሲቀዘቅዝ ዝናብ አምጪው ነፋስ ይዳከማል። በ1775 ዓ.ም. በአይስላንድ ላኪ ከፈነዳ በኋላ የዓባይ ሙላት አንሶ ግብፅ ተርባለች፤ ተመራማሪዎችም ሁለቱን ያያይዟቸዋል። ያ ሙላት በአብዛኛው ከእኛው ደጋ የሚወርድ የክረምት ውሃ ነው።

5. ማጠቃለያ
ጢስ በታየ ቁጥር የእርሻ ዕቅድ መለወጥ አያስፈልግም። የልማት ጣቢያ ሠራተኞች የሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩትን ትንበያ ተከታትለው ለገበሬው ያስረዱ። ክረምቱ ይዘገያል ከተባለ ቶሎ የሚደርስ የጤፍ ዘር ይዘጋጅ፤ በዋልካ መሬትም በቀረው እርጥበት ሽምብራ ወይም ጓያ ይዘራ።