ስለ ዶሮ ሌባ ወጥመድና ስለ ቋንጣው አዘገጃጀት

በዓባይ ማዶ ዶሮ የሚያረባ ሰው ማለዳ የዶሮ ቤቱን ከፍቶ በዶሮዎቹ ፈንታ ላባቸውን ያገኘ እንደ ሆነ፥ ሌሊት የገባው ሌባ ብዙ ጊዜ ሸለምጥማጥ ነው። ቁጣ መርዝን ያስመኛል፤ እኛ ግን ቋንጣና ወጥመድን እንመክራለን።

ለወጥመድ የሚሆነው ቋንጣ ለገበታ እንደሚሰቀለው አይደለም። በርበሬና ቅመም የሥጋውን ሽታ ይሸፍናልና አይጨመርበትም። ስብ የሌለው ቀይ ሥጋ በቀጭኑ ይዘለዘላል፤ ዝንብ እንዳያርፍበት በስስ ጨርቅ ተከልሎ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ይሰቀላል። በክረምት ግን የጣና ዳር አየር እርጥብ ስለ ሆነ ሥጋው ሳይደርቅ ይበላሻል፤ ስለዚህ ከምድጃ በላይ ጢስ በሚደርስበት መስቀል ይሻላል። በሚጠመድበት ማታ ጥቂት ውሃ ቢነካ ሽታው ይነቃል። ከሳጥኑ ወጥመድ በር ርቆ በሽቦ ይታሰር፤ አውሬው ሁለንተናው ሳይገባ እንዳይነጥቀው ነው።

መርዝ ግን ሌባውን ለይቶ አይገድልም። የቤቱን ውሻ፥ በድኑን የሚበላውንም ጥንብ አንሣ ጭምር ይጨርሳል።

ደግሞም ሸለምጥማጥ አይጥን በመብላቱ ይጠቅማል፤ የዱር አራዊትንም ሕግ ይጠብቃቸዋል። ስለዚህ ወጥመድ ከመትከል አስቀድሞ የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት ፈቃድ መጠየቅ፥ የተያዘውንም ለዚያው ማስታወቅ ይገባል። ንክሻው የእብድ ውሻ በሽታ ሊያመጣ ይችላልና ማንም በእጁ አይንካው።

ከሁሉ በፊት ግን የዶሮውን ቤት ቀዳዳ መድፈን ነው፤ እርሱ ከተደፈነ ቋንጣው ከነበርበሬው ለገበታ ይተርፋል።