በመልካ ጀብዱ የታመመ ግመል ስለ ማዳን

ከድሬዳዋ ከተማ በስተ ምዕራብ ያለው መልካ ጀብዱ ቆላና ደረቅ አገር ስለ ሆነ የሕዝቡ ሀብት ብዙው ከብት ነው። የምድር ባቡር በ1895 ዓመተ ምሕረት ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ ከደረሰ ወዲህ ከባሕር ጠረፍ የሚመጣው የግመል ጭነት እየቀነሰ ቢሄድም፥ ግመል በኢሳውና በኦሮሞው ቤት ያለው ክብር አልጐደለም። ወተቱ ለሕፃን ምግብ ነው፤ ጀርባው ለውሃና ለእንጨት ነው። በሌላ አገር ሰው ውሻውንና ድመቱን በስም እየጠራ እንደሚያኖር፥ በዚህ ደግሞ ባለቤቱ ግመሉን በስሙ ይጠራዋል፤ ቢታመምበትም እንደ ቤተ ሰብ ያዝንለታል።

ግመልን ከሚጥሉት በሽታዎች አንዱና ክፉው ሱራ የሚባለው ነው፤ ሶማሌዎች ዱካን ይሉታል። የገንዲ ወገን ሲሆን የገንዲን ዝንብ ግን አይሻም፤ ሌላ ደም መጣጭ ዝንብ ከታመመው ወደ ደኅናው ያሻግረዋል። መልካ በኦሮምኛ የወንዝ መሻገሪያ ማለት ነው፤ ግመል ለመጠጣት የሚሰበሰበው፥ ከዝናም በኋላም ዝንብ የሚበዛው በእንዲህ ያለው ስፍራ ነው። በደም ውስጥ የሚኖረውን ረቂቅ ተውሳክ ግሪፊዝ ኤቫንስ የተባለ የእንስሳት ሐኪም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1880 በሕንድ አገር አገኘው።

የታመመው ግመል ትኩሳቱ ይመጣል፥ ይሄዳል። ሻኛው ይሟሽሻል፤ ዓይኑ ያነባል፤ ከሆዱ በታች ያብጣል፤ ያረገዘችውም ትጨነግፋለች። ሳይታከም ቢቀር በጥቂት ወራት ይሞታል፥ ወይም እየከሳ ዓመታት ይቈያል። እረኞች ሽንቱን አሽትተው በሽታውን ይለዩታል፤ ይህ ዕውቀት የሚናቅ አይደለም። ሐኪሙም ከጆሮው ደም ወስዶ በማጕያ መነጽር ይመረምራል፤ ነገር ግን ትኩሳቱ በበረደ ጊዜ ተውሳኩ ስለሚሰወር፥ አንድ ጊዜ አልታየም ተብሎ ደኅና ነው ማለት አይገባም።

መድኀኒቱ አለ። ሱራሚን ወደ ደም ሥር፥ ኪናፒራሚን ከቆዳ በታች ይወጋል፤ ከእነዚህ በኋላ የመጣው ሜላርሶሚን ደግሞ ለግመል ተብሎ የተሠራ ነው። ለላም የሚወጋውን ዲሚናዚንን ግን ግመል እንደ ላም አይችለውም፤ ልኩ ቢያልፍ ይገድለዋል። ይህን ሳያውቁ በገበያ ገዝተው የሚወጉ ሰዎች ሊታገዱ ይገባል።

ከሁሉ የሚብሰው ጥፋት መድኀኒቱን አሳንሶ መስጠት ነው። ልኩ የሚቈረጠው በክብደት ነው፤ ግመልን በሚዛን ማቆም ስለማይቻል ግን በሜትር ይለካል። የትከሻውን ቁመት፥ የደረቱን ዙሪያና በሻኛው ላይ የሚያልፈውን የሆዱን ዙሪያ እርስ በርሳቸው አባዝቶ እንደ ገና በ50 ማባዛት ነው። ቁመቱ 1.9፥ ደረቱ 2፥ ሻኛው 2.4 ሜትር ቢሆን 456 ኪሎ ይመጣል። ይህንኑ ግመል በዓይን ገምቶ 300 ኪሎ ነው የሚል ሰው ከመድኀኒቱ ሲሶውን ነሥቶታል፤ ግመሉ ለጊዜው ይነሣል፥ ያልሞተው ተውሳክ ግን መድኀኒቱን ለምዶ ተመልሶ ይመጣል፤ በዝንብም ወደ ጎረቤት መንጋ ይሻገራል። በዚህ ምክንያት የአንድ ባለ ከብት ቍጠባ ለአገሩ ሁሉ ጉዳት ይሆናል።

መርፌው ከገባ በኋላ ያለው ሥራ የባለቤቱ ነው። ግመሉ ከጭነት ይረፍ፤ ከጥላ ይዋል፤ ውሃ ከወትሮው ቶሎ ቶሎ ይጠጣ፤ የግራር ቅጠልና ጨው አይጕደልበት። ብዙ ሰው ግን ግመሉ መብላት ሲጀምር ድኗል ብሎ ይጭነዋል፤ ደሙ ገና አልተመለሰምና በመንገድ ይወድቅበታል። ሻኛው ዳግመኛ መቆም ሲጀምር ነው መጫን የሚገባው።

የወረዳ ሹማምንት ስንት ግመል ተወጋ ብለው ብቻ መጠየቃቸው አይበቃም፤ ከተወጋው ውስጥ ስንቱ እንደ ተነሣ፥ ሐኪሙም ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ተመልሶ ደሙን እንዳየ ይጠይቁ። አንዲት ግመል 13 ወር ያህል አርግዛ አንድ ብቻ ትወልዳለች፤ እስከሚቀጥለውም ሁለት ዓመት ያህል ይፈጃል። ስለዚህ ምርመራው ከዝናሙ ወራት አስቀድሞ፥ መንጋው ወደ ውሃው ሳይሰበሰብ፥ ካረገዙት ቢጀመር ይሻላል።