ስፖርት ሲባል መጀመሪያ ኳስ አልነበረም

አዳማ ላይ በማለዳ አስፋልት ዳር ቱታ ለብሶ የሚሮጥ ሰው ካየህ «ስፖርት እየሰራ ነው» ትላለህ። ማታ ፍራንኮ አካባቢ ስለ አርሴናልና ስለ ማንቼ የሚጨቃጨቁትን ጎረምሶች ደግሞ «ስፖርት እያወሩ ነው» ትላቸዋለህ። ቃሉ ሲወለድ ግን ሩጫንም ኳስንም አያውቅም ነበር።

መነሻው የድሮ ፈረንሳይኛ ነው። «ዴስፖርቴር» ቃል በቃል ሲፈታ «ተሸክሞ ማራቅ» ማለት ነው። የሚርቀው ምንድነው? የሰው ሐሳብ! ከጭንቀቱ ነጥቆ ወደ ደስታ መውሰድ። እንግሊዞች ተቀብለው «ዲስፖርት» አሉት፤ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ፊቱን ቆርጠው «ስፖርት» አደረጉት። ያኔ ቀልዱም አደኑም ስፖርት ይባል ነበር። በዋናነት ደንብና ዳኛ ላለው ውድድር የዋለው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። የእንግሊዝ እግር ኳስ ማህበር ተቋቁሞ ህጉን የጻፈውም በ1863 እ.ኤ.አ. መሆኑ ልብ ይሏል።

የእኛው «ጨዋታ» ለዚያ ለድሮው ትርጉም ይቀርባል። «ና እንጫወት» ያለህ ሰው ኳስ ይዞ ይሁን ቡና አስፈልቶ ሳትሄድ አታውቅም። የኦሮምኛው «ተጳ»ም እንዲሁ ጨዋታንም ቀልድንም ይይዛል። ከጣሊያንም የተረፈን አለ። እነሱ እግር ኳስን «ካልቾ» ይሉታል፣ እርግጫ ማለት ነው። እኛ ሰፈር ግን «ካልቾ ቀመሰ» ከተባለ የተመታው ኳስ ሳይሆን ሰውዬው ነው። የድሮ ደጋፊዎች ፍጹም ቅጣት ምትን «ሪጎሬ» የሚሉትም ከዚያው ከጣሊያንኛ ወስደው ነው።

ወደ «ጌም» ስንመጣ ነገሩ ይከብዳል። በድሮው እንግሊዝኛ ደስታና ፈንጠዝያ ማለት ነበር። እንግሊዞች ቁማርን የሚጠሩበት ቃልም የወጣው ከዚሁ ከጌም እንደሆነ ይታመናል። «ስፖርቲንግ ማን» የሚለው አጠራርም በአንድ ወቅት አወራራጅና ቁማርተኛ ለሆነ ሰው ይሰጥ ነበር። እንግዲህ ውርርዱ ዛሬ የመጣ ነገር አይደለም፤ ቃሉ ውስጥ ገብቶ ኖሯል።

ባለፉት ዓመታት ከቢሾፍቱ እስከ ሻሸመኔ በተስፋፉት የቤቲንግ ቤቶች ውስጥ «ጌም» ሲባል ግጥሚያ ማለት መሆኑ ቀርቷል፤ ትኬቱ ላይ ያለች አንዲት መስመር ነች። «ዘጠኙ ገብቶልኝ አንዷ ጌም በላችኝ» ይልሃል። ማን ከማን እንደተጫወተ ብትጠይቀው ላያስታውሰው ይችላል። እዚህ ቤት ሐሳቡን ጥሎ የሚወጣ ሰው እኔ አላየሁም፤ ተሸክሞ የሚገባ ነው የሚበዛው።

አንድ ቅዳሜ አዳማ ውስጥ ከእንዲህ ያለ ቤት ቆሜ ነበር። የክለቡን ማልያ የለበሰ ልጅ ፊት ለፊት ተቀምጧል። በ90ኛው ደቂቃ ክለቡ የማሸነፊያውን ጎል አገባ። ቤቱ በጩኸት ሲናጋ ልጁ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ያዘ። ትኬቱ ላይ የቆረጠው አቻ ነበር።